ለሆዳን የሳልኩት ፊት

ውድ ፋራህ፣ ዋላሌ፣ ወንድሜ፣

ከቶጎጫሌ ስትመለስ ጎርፍ መኪናችሁን ከወሰደ አስራ ስምንት ክረምት አለፈ። እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር እጄ ለምዶበት ወደዚያው ሄዶ ነበር፤ አንተ ያለህበት አገር ደህንነት እንዴት እንደሚጠየቅ ስለማላውቅ ተውኩት። እኔ ጉልበቴ ከመሰላል ጋር መጣላቱን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ። ድሮ ለጨርቅና ለቴርሞስ ንግድህ ቶጎጫሌ ስትከርምብኝ በየሳምንቱ እጽፍልህ ነበር። የሚኒባስ ሹፌሮቹ ለሴት እንኳ እንዲህ አይጻፍም እያሉ ይስቁብኝ ነበር። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ያመለጠህን ሁሉ እስልልሃለሁ፤ የወደቀ አጥር፣ የወለደች ፍየል፣ የጎረቤታችን አዲስ ጫማ። አንተ ደግሞ በዚያው ወረቀት ጀርባ መልሱን ጽፈህ ትልክልኛለህ፤ ወረቀት እንኳ የምትቆጥብ ነጋዴ ነበርክ።

ዛሬ ማንም ሹፌር የማያደርሰውን ደብዳቤ የምጽፍልህ ልቤ ስለተረበሸ ነው። አንድ ነገር አድርጌአለሁ። ልክ ይሁን ስህተት፣ ካንተ በቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ጅጅጋን ብታያት መንገዱ ይጠፋህ ነበር። አስፋልቱ እኛ አጥር ተደግፈን ሻይ እንጠጣበት እስከነበረው ቦታ ድረስ መጥቷል፤ ባጃጁም ለሰው መሄጃ አላስተረፈም። የእኔ ሥራ ግን ቀዝቅዟል። ሰዉ ማስታወቂያውን በኮምፒውተር አሠርቶ በባነር ያሳትማል፤ ብሩሽ የሚፈልገው የመኪናው በር ላይ ስም የሚያጽፍ ሹፌርና አልፎ አልፎ ከቱሊ ጉሌድ የሚመጣ ባለሱቅ ብቻ ነው። ሶማሊኛው በላቲን ፊደል ይጻፍ የተባለ ጊዜ፣ ሥራዬ ቀረ ብዬ ስጨነቅ፣ ጠመኔ ይዘህ ከተፍ ያልከው አንተ ነህ። አንተ በጠመኔ ትጽፋለህ፣ እኔ በቀለም እከተልሃለሁ። ሰው «የታደሰ እጅ ጽሑፍ ያምራል» እያለ እኔን ሲያመሰግን ዝም ብለህ ትሰማ ነበር። ያ ሁሉ ሰሌዳ አሁን አንድ በአንድ እየወረደ ነው።

ሩቂያ ደህና ናት። ካንተ በኋላ አላገባችም፤ ጨርቁን እሷ ትሸጣለች፣ በክርክር ደግሞ ካንተ ትብሳለች። ሆዳን፣ ዳዴ እንኳ ሳትጀምር ጥለሃት የሄድካት ልጅህ፣ ልታገባ ነው። እጮኛዋ የቀብሪበያ ልጅ ነው፤ ዝምተኛ ይመስላል እንጂ ሲያዋሩት ሳቂታ ነው። አንተ ብትኖር ለጥሎሹ ግመል ስንት ቀን እንደምትከራከር እያሰብኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

ያስጨነቀችኝ እሷ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀለም እየበጠበጥኩ ሳለ መጣችና በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ። የጓደኞቿ፣ የድመቷ፣ የበላችው ምግብ ሳይቀር ፎቶ አለ፤ የአባቷ ግን አንድም የለም። አንተ መቼም ካሜራ ስታይ እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ ነበር የምትሸሸው፤ በሠርግህ ፎቶ ላይ እንኳ የሚታየው ጀርባህ ነው። መታወቂያህ ላይ የነበረችውንም ጎርፉ ወስዷታል። እናም ሆዳን ፊትህን እንድስልላት ለመነችኝ። እናቷ ግድግዳ ላይ የሰው መልክ እንዲሰቀል እንደማትወድ ታውቃለች፤ አትሰቅለውም፣ በሳጥኗ ይዛው ወደ ባሏ ቤት ልትሄድ ነው።

እምቢ አልኳት። ቃል ገብቼልሃለኋ። ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰው ስስል መጥተህ፣ እኔን እንዳትስል ብለህ ያስማልከኝ ቀን ትዝ ይልሃል? የሰው መልክ የሳለ ሰው በፍርድ ቀን በል ነፍስ ዝራበት ይባላል፣ አንተ የብስክሌትህን ጎማ መንፋት ያቃተህ ሰው ያን ቀን ምን ልትሆን ነው ብለህ ሻይ ቤቱን ሁሉ አሳቅኸው። ሳቁ ሲያልቅ ግን የምርህን ነበር። እኔ የቅዱሳን ሥዕል ተሳልሜ ያደግሁ የወታደር ልጅ ነኝ፤ ነገሩ ባይገባኝም አንተ ካልክ በቃ ብዬ ማልኩልህ።

ይህንኑ ስነግራት ሆዳን አላለቀሰችም። ቀና ብላ አየችኝና፣ «አዴር፣ ለከተማው ሁሉ ስለሃል። የማላውቀውን ሰው ፊት በየሻይ ቤቱ እያየሁ ነው ያደግሁት። የሚከለከለው የእኔ አባት ብቻ ነው?» አለችኝ። ለአጎቷ እንደምትናገር ነበር የተናገረችኝ። ለሞተ ሰው የገቡት ቃል ከባድ ነው፣ ግን ያቺ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ሸራ ወጠርኩ።

አሁን የሚያመኝን ልንገርህ። ብሩሽ ይዤ ስቀመጥ ፊትህ አልመጣልኝም። ትከሻህ መጣ። ሽርጥህን ሰብሰብ አድርገህ ጭቃ የምትሻገርበት አካሄድ መጣ። ጠመኔ የያዙት ጣቶችህ ሳይቀሩ መጡ። ፊትህ ላይ ስደርስ ባዶ ነው። ጥርስህ መሀል ክፍተት ነበረ፤ ከላይ ነው ከታች? ቅንድብህ የተጋጠመ ነበር? ሠዓሊ ሲያይ ሊስል ነው የሚያየው። አንተን እንደማልስልህ ስለማልኩ፣ በዚያ ዓይን አንድ ቀንም አይቼህ አላውቅም። የጅጅጋን አህያ ሁሉ በጆሮው እለየዋለሁ፤ በየቀኑ ፊት ለፊቴ የተቀመጠውን ወዳጄን ግን ዝም ብዬ ወደድኩት እንጂ አላጠናሁትም። የመጨረሻውንም አላየሁህም። ቀብሪበያ የሱቅ ሰሌዳ ስጽፍ ወሬው ደረሰኝ፤ በሚኒባስ ደርሼ ስወርድ ቀብረውህ እየተመለሱ ነበር።

ሳምንት ሙሉ ታገልኩ። በስተመጨረሻ የወጣው ሰው መልከ መልካም ነው፤ ግንባሩ ሰፊ፣ ዓይኑ የደግ ሰው ዓይን። አንተ ግን አይደለህም። ከማን እንደተዋስኩት አላውቅም። ልቀደው ሳነሳው ሆዳን ገባች።

እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ ተጠጋችና «አቦ» አለችው፤ አባት የሚጠራበትን ቃል፣ በዕድሜዋ ለማንም ብላው የማታውቀውን። የራሷን ግንባር በጣቷ እየነካች ከእሱ ጋር ታመሳስላለች። እኔ ልቀደው ያነሳሁትን መልሼ አስቀመጥኩት። ሸራውን በጨርቅ ጠቅልላ፣ እጄን ስማ፣ ይዛው ሄደች።

ሩቂያ እውነቱን ትነግራታለች ብዬ ነበር። በማግስቱ አላስችል ብሎኝ ቤታችሁ ሄድኩ። ሥዕሉ አልጋው ላይ ተዘርግቷል፤ ሩቂያ ከሱቅ ገና መግባቷ ነው። አጎንብሳ ብዙ አየችው። ልጅቷም እኔም የሩቂያን አፍ እንጠብቃለን። እሱ ነው አለች። ሆዳን ለአክስቷ ልታሳይ እየሮጠች ወጣች።

ሩቂያ በር ድረስ ስትሸኘኝ ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርኩ። እሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ አንቺም ለልጅሽ ብለሽ ነው አልኳት። ሻሿን እያስተካከለች መሬት መሬቱን አየች።

«አላውቅም ታደሰ» አለችኝ። «ባየው፣ ባየው፣ እሱ ይሁን አይሁን መለየት አቃተኝ።»

ፋራህ፣ ካንቺም ጠፋ ወይ ልላት አልቻልኩም። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ሽበቴን ይዤ፣ ባጃጅ እየጮኸብኝ።

ሠርጉ ቀርቧል። ሆዳን ያንን ሰው በሳጥኗ ይዛ ቀብሪበያ ትገባለች፤ ስትወልድም አያታችሁ ይህ ነው ትላቸዋለች። ቃሌን አፈረስኩ ብዬ ስፈራ ነበር፤ ሳስበው አላፈረስኩም፣ አንተን አልሳልኩህምና። እንዲህ ከምጠብቀው ባፈርሰው ይሻለኝ ነበር። ብናገር ያገኘችውን አባት እነጥቃታለሁ፤ ዝም ብል ሌላ ሰው ስትወድ እያየሁ እኖራለሁ። ዝም ልል ወስኛለሁ። ከተቆጣህ እኔን ተቆጣ፣ ሩቂያን አትንካት።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ መቼም አልረሳህም ተብሎ ነው የሚዘጋው። እኔ ይህን ለማለት አፌ አይደፍርም። ያለኝን ግን ልጠብቅልህ ቃል እገባለሁ። ሆዳን እየመጣች ስላንተ ትጠይቀኛለች፤ ምን ያስቅህ እንደነበር፣ ስትናደድ እንዴት ዝም እንደምትል፣ እሷ ስትወለድ ሰፈሩን ሁሉ ሻይ እንዳጠጣህ፣ አንድም ሳልጨምር እውነቱን እነግራታለሁ። አባቴ መልኩ እንዴት ነበር ካለችኝ ግን፣ ሂጂ ሳጥንሽን ክፈቺ እላታለሁ።

ያንተው ታደሰ
ጅጅጋ