የአባባ እጅና የእኔ ሳጥን

ለወንድሜ ለሬክስ፣

ከነቤተሰብህ እንደምን ሰንብተሃል? የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ጆሊን ከወሊዱ በኋላ በርትታ ተነሣች ወይ? ትንሿ ዊላስ ታስተኛችኋለች ወይስ እንዳንተ አልቃሻ ወጣች? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። በረዶው ዘንድሮ ቀድሞ መጣብን፤ ከብቶቹን ግን በጊዜ ከተራራው አውርደናቸዋል።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ አፌ አልታዘዘኝም። ስለዚህ ተቀምጠህ አንብበው።

ባለፈው ወር በተኩስ ክበቡ ውድድር ላይ ስለሆነው ነግሬህ ነበር። የአባባ ሽጉጥ እንደ ወትሮው መጮኹ ቀርቶ እፍ ብሎ ቀረ። ጥይቱ ባሩድ ያልገባበት ስለነበር እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ተቀረቀረ። አባባ ድምፁ ስላላማራቸው ወዲያው ጣታቸውን ከምላጩ አነሡ እንጂ ቀጣዩን ቢተኩሱ ኖሮ ሽጉጡ እጃቸው ላይ ይፈነዳ ነበር። እኔ ግን ማስተዋላቸውን ትቼ ስህተቱን ብቻ አየሁ። እቤት ባዶ ቀለህ በባሩድና በእርሳስ በምንሞላበት ማሽናችን ላይ ጥይቱን የሞሉት እሳቸው ናቸው ብዬ ደመደምኩ። ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «አባባ፣ ሰባ ስምንት ዓመት ቀልድ አይደለም፤ አሁንስ ይበቃዎታል» አልኳቸው። አንተም ደውለህ ያንኑ ደገምክላቸው። አልተከራከሩም። «ሁለታችሁም ካላችሁት እውነት ይሆናላ» ብለው ማሽኑን ለጎረቤታችን ለሃርላን እንድሰጠው ፈቀዱ። በማግስቱም የመኪናቸውን ቁልፍ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡት።

ሃርላን ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ሳያይ አይወስድም። «መጀመሪያ እኩል እኩል ይሞላ እንደሆነ ልየው» ብሎ የጥይት ፍጥነት መለኪያውን ይዞ መጣ። ከአባባ ሳጥን አሥር፣ ከእኔ ሳጥን አሥር ተኮሰ። የአባባዎቹ እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት የላቸውም። የእኔዎቹ ግን አንዱ ሲሮጥ አንዱ ያነክሳል። ሃርላን እየሳቀ፣ «ቬርና፣ ሽማግሌው እኮ ይሞላሉ፤ አንቺ ከማሽኑ ጋር ነው የምትደባደቢው» አለኝ። እውነቱን ነው። እጀታው አንዴ በተሳበ ቁጥር አንዱ ቀለህ ባሩድ ይቀበላል፣ ከጎኑ ያለው እርሳስ ይገጠምለታል፤ አሳሳቡ እኩል ካልሆነ ባሩዱም እኩል አይወርድም። አባባ ማሽኑ ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ሬዲዮ የሚዘጉት፣ የስልኩንም መነጋገሪያ አንሥተው የዳቦ መሳቢያ ውስጥ የሚከቱት ለዚሁ ነበር። ስንቴ ስቀንባቸዋል!

ከዚያ በኋላ ልቤ አላርፍ አለኝ። ያን ቀን የተተኮሰበትን ሳጥን ፈልጌ ከፈትኩት። እንደምታውቀው ክዳኑ ውስጥ የሞላው ሰው ስሙንና ቀኑን የሚጽፍበት ካርድ አለ። የእኔ ጽሑፍ ነበር ሬክስ። ቀኑ ደግሞ ሴፕቴምበር ሁለት፣ ዊላ መወለዷን ልታበስረኝ የደወልክበት ቀን። እጀታውን መሐል ላይ መልሼ ወደ ስልኩ እየጮኽኩ መሮጤን አስታወስኩ። ባሩዱ የሚወርደው እጀታው እስከ መጨረሻው ሲሳብ ነው፤ ሲመለስ ግን ቀለሁ ባዶም ቢሆን ወደ እርሳሱ ያልፋል። ከደስታዬ ብዛት ሳላስተውል ተመለስኩና ካቆምኩበት ቀጠልኩ፤ ያ ባዶ ቀለህ እርሳስ ተገጥሞለት ሳጥን ገባ። ሳጥኑን በውድድሩ ዕለት ለአባባ ያቀበልኳቸውም እኔው ነኝ። በገዛ እጄ አባቴን ልገድል ነበር፤ ይባስ ብዬ ጥፋቱን በሳቸው ላይ አላከክሁ።

የዚያኑ ዕለት እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። ከዚያ፣ «ማን ነበር የደወለው?» አሉኝ። ሬክስ ነው ስላቸው ሳቅ አሉና፣ «አይ ልጆቼ! ሁለታችሁ አጥፍታችሁ በኔ ላይ ፈረዳችሁ» አሉ። አቅፌያቸው አለቀስኩ። ይቅር ብለውኛል፤ ነገሩም በዚሁ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አላለቀም። ትናንት ማሽኑ ላይ እንዲቀመጡ ለመንኳቸው። ስልኩን መሳቢያው ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ግን እጀታውን አንዴ ስበው ይቆማሉ፤ ጎንበስ ብለው ቀለሁን ያያሉ፤ መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው ያያሉ። አሥር ሞልተን ለካናቸው፤ አሥሩም አሥር ዓይነት ሆኑ። «አየሽ፣ ያኔም እውነታችሁን ነበር» አሉኝ። አልነበረም ሬክስ! እጃቸው ያኔ አይንቀጠቀጥም ነበር። አሁን ይንቀጠቀጣል። የመኪናውንም ቁልፍ ብመልስላቸው እስካሁን አልነኩትም።

የእኔ ቃል ብቻውን አልበቃቸውም። አሳዝነውኝ የማጽናናቸው ይመስላቸዋል። አንተ ግን ማባበል እንደማትችልበት ያውቃሉ። እባክህ ደውልላቸው። «አጥፍቻለሁ» በል፤ ዙሪያ ጥምጥም አትሂድ፣ ስለ አየሩም አታውራ። ከዚያ እንደ ድሮህ አንድ ሳጥን እንዲሞሉልህ እዘዛቸው፤ ፍጠኑም በላቸው። ሃርላን ማሽኑን አልወስድም ብሎ ምሏል።

ጆሊንን ስሜያታለሁ በላት። ዊላን ጉንጭና ጉንጯን ሳምልኝ፤ እሷ ምንም አላጠፋችም። ባለቤቴ ኧርል የላክኸው ሳልሞን ማለቁን ንገሪልኝ ይላል። አባባም በጣም ናፍቀውሃል። ለአንተ እየጻፍኩ መሆኔን ሲያዩ ፖስታውን ተቀብለው አድራሻህን ራሳቸው ጻፉበት። ከዚያ መልሰው ሰጡኝና፣ «እስቲ በትክክል ጽፌው እንደሆነ እይልኝ» አሉኝ። አየሁት። አንዲት ፊደል አልሳቱም።

እህትህ ቬርና
ኮልድ ክሪክ፣ ሞንታና
ኦክቶበር 19 ቀን 1997