ካቦው ከመተኮሻው አጠገብ የተቀመጠ ለት

ይድረስ ለውድ እታለም፤

እንደምን ከርመሻል? እጅሽስ እንዴት ነው፣ ጣቶችሽ መታጠፍ ጀመሩልሽ? የእማዬ ወገብ፣ የአባባስ ሳል ተሻላቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ዛሬማ ከደህናም በላይ ነኝ፤ ይህን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አንሶላ ስትተኩሺ ሙቀቱ ራስሽን አስቶሽ ወድቀሽ እጅሽ የጋለው ማሽን ላይ ሲያርፍ፣ «ሥራ ላይ ተኝታ ነው» ብሎ ያባረረሽ ካቦ አሁንም አለ። መስኮቱንም፣ አቧራ ነጩን አንሶላ ያበላሻል ብሎ፣ በምስማር እንደመታው ነበር። ቦታሽ ላይ ቆሜ ስተኩስ እሱን ባየሁ ቁጥር ደሜ እየፈላ፣ ጥርሴን ነክሼ ከረምኩ።

ቀኑ መጣልኝ። የልብስ ማጠቢያው ባለቤት፣ ሥራችን እንዲሻሻል እናንተው ተናገሩ ብሎ ስብሰባ ጠራ። እጣቢያችን በደጃፋቸው የሚፈስባቸው የሰፈሩ እናቶችም መጥተው ነበር። ስለ ሙቀቱ ስናነሳ ካቦው ሳቀና፣ «የምን ሙቀት? እኔ ብሆን ቀኑን ሙሉ እቀመጥበታለሁ» አለ። ምላሱ ጉድ ሠራው። ብድግ ብዬ፣ እንግዲያው የእሱ ጠረጴዛ ከማሽኑ አጠገብ ይምጣልን አልኩ። አንዷ የሰፈር እናት፣ እኛም ብቅ እያልን እንጠይቀዋለን ብትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቱም ይዛወር አለ።

በመጀመሪያው ቀን ከነኮቱ ተኮፍሶ ዋለ። በማግስቱ ኮቱ ወለቀ። በሦስተኛው ቀን ብዕሩን እንደያዘ ራሱን ስቶ ዘፍ አለ። ውሃ የደፋሁበት እኔ ነኝ፤ ከሚያስፈልገውም በላይ ነው የደፋሁበት። ዓይኑን ሲገልጥ ጎንበስ ብዬ፣ ተኝተህ ነው ወይ አልኩት። እታለም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የመስኮቱን ምስማር ራሱ በጉጠት ነቀለው። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ ሠራተኛው፣ የሰፈሩም ሰው ባለበት አስነስቼው፣ ሙቀቱ ጥሏት እንጂ አልተኛችም አሰኘሁት። ለእጅሽ ማሳከሚያ ከድርጅቱ እንዲሰጥ ተወስኗል። እሱ ይቅር በሉኝ አለ። አንቺ እንደ ልብሽ፤ እኔ ይቅር አላልኩትም። ጠረጴዛው ይመለስልኝ ብሎ ሲለምንም እጃችንን አውጥተን ከለከልነው።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ታናሻችንን ግንባሩን። እማዬን ግን ጎረቤቶቿን ጠርተሽ፣ መሐላቸው አስቀምጠሽ ሰላም በይልኝ። ልጅሽ ሥራ ላይ ተኝታ ተባረረች ካሏት ወዲህ ቀና ብላ አልሄደችም፤ እነሱ እየሰሙ፣ ልጇ እንዳልተኛች ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

እህትሽ
ከመተኮሻው ክፍል፣ ሐሙስ በምሳ ሰዓት