ከቅጥሩ የወጣው ውኃ፦ የወይዘሮ ውበቴ አድማሱ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ውበቴ አድማሱ ከአባታቸው ከአቶ አድማሱ ወርቁና ከእናታቸው ከወይዘሮ ይርጋነሽ ተሰማ በ1949 ዓ.ም. ከቢቸና ወጣ ብላ በምትገኘው ዋርካ ሜዳ ተወለዱ። እናታቸው ይሉት እንደነበረው፣ ገና በዳዴ ሳሉ አንድ ቦታ አይረጉም ነበር። አድገውም አልረጉም። እኛ የእኅታቸው ልጆች እንግድነት ስንሄድ፣ ጉርሻው ከአፋችን ሳይወርድ ሳህኑን አንሥተው ማጠብ ይጀምሩ ነበር።

ቢቸና ከዘመድ ቤት ተቀምጠው ከተማሩ በኋላ በጤና ረዳትነት ሠልጥነው በ1969 ዓ.ም. ሞጣ ተመደቡ። እስከ ጡረታቸውም እዚያው ሲያዋልዱ ኖሩ። በ1972 ዓ.ም. ከመምህር ይታገስ ገላው ጋር ጋብቻ መሥርተው ወንደሰንን፣ ንጋትንና ሃናን ወለዱ። በሥራቸው ዘመን አንድ ነገር ብቻ ሊለምዱት አልቻሉም፤ በእጃቸው የተቀበሉት ሕፃን በተቅማጥ ደርቆ በእናቱ ጀርባ ሲመለስ ማየት። የተወለዱባት ዋርካ ሜዳም ከከብቶቿ ጋር ከአንድ ወንዝ የምትጠጣ አገር ነበረች። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳቸው።

በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ መምህር ይታገስ በረንዳው ላይ የሚቀመጡባቸው ሁለት ወንበሮች አሠርተው ጠበቋቸው። አንደኛው ወንበር እስከ ዛሬ አዲስ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የካቲት ኪዳነ ምሕረት በዋርካ ሜዳ ስትነግሥ፣ ወይዘሮ ውበቴ ከቢቸናም ከሞጣም ሰው አሰባስበው ለውኃ ጉድጓድ የሚሆን ጨረታ አዘጋጁ። ዲያቆናቱ ጥላ ዘቅዝቀው በሕዝቡ መካከል ዞሩ። አንዲት የስለት ጥላ ደግሞ ለጨረታ ቀረበች፤ ያሸነፈው ሁሉ «ለኪዳነ ምሕረት መልሻለሁ» እያለ ስለሚመልሳት፣ ያቺው ጥላ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ስትሸጥ ዋለች።

ቆፋሪዎቹ በቀጣዩ ዓመት ሲመጡ የሰበካ ጉባኤው ገንዘቡ የኪዳነ ምሕረት ነውና ጉድጓዱም ከቅጥሯ ውስጥ ይሁን አለ። ወይዘሮ ውበቴ ማሽኑ እንዳይመለስባቸው ስለቸኮሉ እሺ አሉ። ውኃው የወጣ ዕለትም ከደስታቸው ብዛት ቄሰ ገበዝ ዘመነን በመስቀል እንዲባርኩት የለመኑት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው።

በማግሥቱ ሕዝቡ እህል ሳይቀምስ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ትንንሽ ሃይላንድ ይዞ መጣ። ጀሪካን የያዘ አልነበረም። ውኃው ጸበል ሆኗል፤ በጸበል ደግሞ ድስት አይታጠብ፣ ልብስ አይለቀለቅ። ለቀረው ሥራ ሁሉ እንደ ድሮው ወደ ወንዝ ተወረደ። ከሰው ሁሉ ይበልጥ ውኃ የምትፈልገው አራስ ደግሞ እስከ ልጇ ክርስትና ድረስ ቅጥሩን አትረግጥም። ወይዘሮ ውበቴ ይህን ሲረዱ ራሳቸውን ይዘው መሬት ላይ ዘጭ አሉ። ሲቀመጡ ያየናቸው ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወዲያ ውኃውን በቧንቧ ከቅጥሩ አውጥተው መንገድ ዳር ቦኖ ለማቆም ከቢቸና ሞጣ፣ ከሞጣ ቢቸና ሲመላለሱ ከረሙ። የሰበካ ጉባኤው ሽማግሌዎች ለኪዳነ ምሕረት የተሰጠ ከበሯ አይወጣም እያሉ መለሷቸው። የሞጣው የቧንቧ ነጋዴ አቶ ከሊፋ ግን፣ ልጆቼን ያዋለዱልኝ ናቸው ብለው፣ የማንንም እሺታ ሳይጠብቁ በ2015 ዓ.ም. ቧንቧውን በአይሱዙ አስጭነው ላኩ። ቧንቧው ከቅጥሩ ሥር ፀሐይ ሲመታው ከረመ። በዚያው ዓመት ወይዘሮ ውበቴን የልብ ሕመም ያዛቸው። ሐኪሙ ዕረፍት አዘዘላቸው፤ እርሳቸው መድኃኒቱን ቦርሳቸው ውስጥ ከትተው አውቶቡስ ተሳፈሩ።

በ2017 ዓ.ም. የካቲት ንግሥ ላይ በከዘራ ተደግፈው ከሕዝቡ ፊት ቆሙና፣ «እመቤታችን ልጇን በጨርቅ ጠቅልላ ነው ያሳደገችው። ጨርቅ ደግሞ ይታጠባል» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ቄሰ ገበዝ ዘመነም ከበር የሚወጣው ውኃ ለሕዝቡ ነው፣ ይታጠብበት ብለው ፈቀዱ። ለቦኖው ሲሚንቶ መግዣ ያቺው ጥላ እንደገና ለጨረታ ወጣች።

ቦኖው በግንቦት ሲከፈት ወይዘሮ ውበቴ ቢቸና፣ ሃና ቤት፣ አልጋ ላይ ነበሩ። ሊጠይቃቸው የመጣውን ሁሉ መልሰው የሚጠይቁት ጨርቅ ታጥቦበት እንደሆነ ነው። ሰው ይቀዳበት ጀምሯል፤ ሊያጥብበት ግን ገና ይፈራ ነበር። ጠያቂው ወሬውን ወደ ሌላ ሲያዞር እርሳቸው ብርድ ልብሱን በጣታቸው እየፈተሉ በሩን በሩን ያያሉ። እኛም ነገሩ ሳይሆንላቸው እንዳያልፉ ፈራን።

ሰኔ 9 ቀን የዋርካ ሜዳዋ ወይዘሮ ጥሩአየሁ መጥተው ከአልጋው ጎን ቆሙ። ልጃቸው በዚያው ሳምንት ወልዳ ነበር።

«እትዬ ውበቴ፣ ዛሬ የልጅ ልጄን ጨርቅ ቦኖው ላይ አጠብሁት» አሏቸው።

«በሳሙና?»

«በሳሙና።»

እፎይ አሉ። ጣቶቻቸውም አረፉ።

ወይዘሮ ውበቴ ሰኔ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው አርፈው፣ እነሆ ዛሬ በዋርካ ሜዳ ኪዳነ ምሕረት ሥርዓተ ቀብራቸው ይፈጸማል። ባለቤታቸው መምህር ይታገስ፣ ሦስት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው፣ እኛም ሳህን የተነጠቅነው የእኅታቸው ልጆች፣ በብርቱ እናዝናለን።

ለቀስተኞች ሆይ፣ ከድንኳኑ በር ላይ የተቀመጠው ውኃ ከዚያው ቦኖ የተቀዳ ነው፤ ሳትሳቀቁ እጃችሁን ታጠቡበት። አምላከ ቅዱሳን ነፍሳቸውን በዕረፍት ውኃ ዘንድ ያኑርልን። እትዬ ውበቴ፣ እዚያ እንኳ ይቀመጡ።