ታላቅ ይቅደም

ጥቅምት 9 ቀን 1974

ጠዋት በብስክሌት ከደባርቅ ዳባት ደርሶ መልስ። ነፋሱ ፊት ለፊት። የኋላው ጎማ አንዴ ተነፈሰ፣ ለጥፌ ቀጠልኩ። ከዚያ ሥራ፤ እስከ ማታ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሳድል ዋልኩ። ቀኝ ጉልበቴ ይጮኻል። ይጩህ።

የሺወርቅ ጉልበቴን በቅቤ እያሸች፣ "ባሌ ነህ ወይስ የጋሪ ፈረስ?" አለች። ሚስት እንዲህ ካላለች ምኑን ሚስት ሆነች!

ጥቅምት 13

የስፖርት ኮሚቴው ማስታወቂያ ለጠፈ። ኅዳር 13 የብስክሌት ውድድር፣ ከጎንደር ደባርቅ፣ መቶ ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን። አንደኛ የወጣው ለክፍለ ሀገሩ ቡድን ተመርጦ አዲስ አበባ ይወዳደራል። አንድ ሰው ብቻ።

ልመዘገብ ገባሁ። ጸሐፊው ጓድ ቢራራ ዕድሜዬን አየና፣ "ጓድ ዋሴ፣ ሠላሳ ዘጠኝ? አሠልጣኝ ብትሆን አይሻልህም?"

አሠልጣኝ... ጡረታ ውጣ ማለቱ ነው። አሥር ዓመት አዲስ አበባ ለክለብ ጋልቤ፣ በብስክሌት እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። ክለቡ ሲፈርስ እንኳን በወጉ አልተሰናበትኩም። አንድ ትልቅ ውድድር እግሬ ውስጥ ቀርቷል። አውቀዋለሁ።

"መዝግበኝ" አልኩት። መዘገበኝ።

ጥቅምት 22

ለመለማመጃ ተወዳደርን። ዳባት ደርሶ መልስ፣ ስድስት ሰው። አንደኛ ወጣሁ!!

ሁለተኛ የወጣው ማዕረግ ነው፤ የዳባቱ የመምሬ ወልደ ሩፋኤል ልጅ። ወቀን አቀበት ላይ ከኋላዬ ተለጥፎ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ጣልኩት። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ! ለየሺወርቅ ሦስቴ ነገርኳት። በአራተኛው "ሰማሁ" አለች።

ጥቅምት 23

አንድ ነገር ከነከነኝ። ትናንት ስንገባ እኔ እንደ ውሻ ሳለከልክ፣ የማዕረግ አፉ ግጥም ነበር። ላብ እንኳን የለው። ይባስ ብሎ ወርዶ ብስክሌቴን የያዘልኝ እሱ ነው። የተሸነፈ ሰው እንዲህ ይሆናል?

ጥቅምት 25

ከሥራ ስወጣ ዳባት ሄጄ ጠየቅሁት።

"እውነቱን ንገረኝ። ለቀቅህልኝ?"

መሬት መሬት ያያል። "ጋሼ... እንዴት ብዬ እርስዎን ልቅደም? ነውር አይደል!"

ነውር! በጥፊ እንዳልለው እጄን ሰብስቤ ያዝኩ። አክብሮ ገደለኝ።

ደግሞ ምን ጥፋት አለበት? እኔስ በሱ ዕድሜ ከታላቄ ቀድሜ እጄን ታጥቤ አውቃለሁ? ግን ኅዳር 13ም እንዲሁ ቢያደርግስ? ዝም ብዬ ብቀበል ማን ያውቅብኛል... እኔ አውቃለኋ!

ጥቅምት 28

አባቱ ዘንድ ሄድኩ። መስቀል ተሳልሜ ነገሩን ሁሉ አስረዳሁ። መምሬ በዝግታ ሰሙኝ።

"እንግዲህ ልጄ፣ ታላቅህን አክብር ብዬ ያሳደግሁት እኔው ነኝ። አሁን አታክብር በለው ነው የምትለኝ?"

"አይደለም አባ። ሊያሸንፈኝ እንዲታገል ይፍቀዱለት ነው የምልዎ።"

ጢማቸውን ዳበሱ። ከዚያ ሳቅ አሉ። "በማዕድ ላይ ታላቅ ይቅደም፤ ደንብ ነው። በቅኔ ግን ተማሪ መምህሩን የበለጠ እንደሆነ፣ መምህሩ ይመርቀዋል እንጂ አይቆጣውም።" ልጁን ጠሩና፣ "መንገዱን እንደ ቅኔ ቁጠረው" አሉት።

ማዕረግ ደነገጠ። እኔም ትንሽ ደነገጥኩ። አሁን እኮ የእውነት ሊመጣብኝ ነው...

ኅዳር 4

ሊማሊሞ። ኬላው ላይ የይለፍ ወረቀት አሳየሁ። ወታደሮቹ ዛሪማ ድረስ አትሄድም አሉኝ። እስከ ግማሹ ወርጄ ወጣሁ፣ እንደገና ወርጄ ወጣሁ። ሁለተኛው ላይ አስመለሰኝ። ይሁን።

ኅዳር 12

ሚካኤልን ተሳለምኩ። ብስክሌቴን በጆንያ ጠቅልዬ በጭነት መኪና ወደ ጎንደር። የሺወርቅ በሶ ቋጠረችልኝ። "ተሸንፈህ ብትመጣም በር አልዘጋብህም" አለች። ከሷ አፍ ይሄ ምርቃት ነው።

ኅዳር 13

ደክሞኛል፣ ቢሆንም ልጻፍ።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ አሥራ አንድ ነበርን። ዳባት ስንደርስ ሁለት ቀረን፤ እኔና ማዕረግ። ወቀን አቀበት ላይ ተነስቼ ረገጥኩ፣ ጣልኩት። ሃምሳ ሜትር ይሆናል። አለቀለት ስል የጎማውን ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ዞር ስል አፉ ተከፍቷል፣ ዓይኑ ደም መስሏል።

"ዞር በል!" ብሎ ጮኸብኝ።

ዞር በል! ጋሼ የለ፣ እርስዎ የለ። እየሞትኩ ሳቅ መጣብኝ። ደስ ሲል! መንገድ ግን አለቀቅሁለትም። ደባርቅ መግቢያ ድረስ ጎን ለጎን፣ ክርን ለክርን። ያለኝን ሁሉ ሰጠሁ። በአንድ ጎማ ቀደመኝ።

ተሸነፍኩ። ያማል። በጣም ያማል።

ኅዳር 15

ጾም ገባ። ኮሚቴው ጠራኝ። ማዕረግም ተቀምጧል። ጓድ ቢራራ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ጋሽ ዋሴ፣ ማዕረግ ገና ልጅ ነው፣ ይደርስበታል። እርስዎ ግን... ታላቅም ስለሆኑ ቦታውን ለእርስዎ ብንሰጥ ብለናል" አለ።

"እኔ ፈቅጃለሁ" አለ ማዕረግ።

አዲስ አበባ... አስፋልቱ፣ ሕዝቡ፣ ሁሉም ባንዴ ዓይኔ ላይ መጣ። እሺ የምትለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች። ለምን እዋሻለሁ? ነበረች።

"የቀደመው ይሂድ" አልኩ።

"ረጋ ብለው ያስቡበት" አሉ።

"የቀደመው ይሂድ!" ጠረጴዛም ደበደብኩ መሰለኝ።

ቤት ገብቼ ስነግራት የሺወርቅ፣ "አብደሃል?" አለች። ሳይሆን አይቀርም አልኳት።

ኅዳር 21

ዳባት ሄጄ ማዕረግን ሸኘሁት። አውቶቡሱ ላይ ብስክሌቱን አብሬው ጫንኩ። ማሰሪያውን ሁለቴ አጠበቅሁለት። ሲሄድ ቆሜ አየሁ። ቀናሁ፤ በደንብ አድርጌ ቀናሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከሰዓት በኋላ ለጥር ወር ውድድር ተመዘገብኩ። ከነገ ጀምሮ ሊማሊሞን ሦስት ጊዜ ነው የምወጣው። ማዕረግ ከአዲስ አበባ ሲመለስ እኔን መቅደም ካማረው፣ እንደገና ላቡን ያፍስ።