ከቫዮሊን ጎን የሚሰማ ጊታር

ልጄ ዌንደል፣ በሄድክበት ሁሉ ሞገስ ይስጥህ። የኦስሎ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ሹራቡን ትለብሰዋለህ?

እኔ ከፖስታ ቤቱ ጡረታ ከወጣሁ ወር ሞላኝ። የአሮጌው ጊታሬ አንገት ስለተጣመመ፣ ሐሙስ ዕለት አዲስ ልመርጥ ወደ ኦርቪል የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ሄድኩ። አንዱ ድምፁ ለስላሳ፣ ለታመሙት ጣቶቼም የሚመች ነበር። «ይሄ ከቫዮሊን ጋር አይሰማም» ብዬ ለኦርቪል መልሼ ሰጠሁት።

ኦርቪል አቀርቅሮ፣ «ቬርና፣ አሁን ከማን ጋር ልትጫወቺ ነው?» አለኝ።

አባትህ ከተቀበረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጆሮዬ ግን እስካሁን ለእሱ ነው የሚመርጠው።

እሱ ባይኖርም ድምፁ ጎላ ያለውን ሌላ ጊታር ገዛሁ። የአባትህ ቫዮሊን አንተ ጋ ነው። እግዚአብሔር እጅህን ይባርክልኝ። እሁድ ስትደውል አንድ ዜማ ተጫወትልኝ፤ እኔ ከዚህ አጅብሃለሁ። ለጣቶቼ አዝነህ ቀስ እንዳትል።

እናትህ ቬርና
ቨርጂኒያ