የተኛን መሬት በባለቤቱ ስም ያስጠሩት የወ/ሮ ትሩፋት ይመር የሕይወት ታሪክ (1943–1996 ዓ.ም.)

በሐምሌ ወር 1943 ዓ.ም. ደላንታ ላይ ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ከኋላቸው፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የሕፃን ልቅሶ ሰሙ። ጉሙ የያዙትን በትር ጫፍ እንኳ አያሳይም ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ወደ ኋላ ቀርታ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። «እንዳታባብዪው! ያልቅስ፣ ድምፁን ይዘን እንድንመጣ!» እያሉ በዳበሳ ተመለሱ። ከመንገድ ዳር ተገላግለው ያገኟቸው ወ/ሮ ዘውድነሽ አሊ ነበሩ። ያለቀሰችውም ሕፃን ዛሬ የምንሸኛቸው ወ/ሮ ትሩፋት ነበሩ። አባታቸው አቶ ይመር እንድሪስ ይባላሉ።

ወ/ሮ ትሩፋት በልጅነታቸው ትምህርት ቤት አልገቡም። በ1961 ዓ.ም. ከአቶ ሙላቱ ሽበሺ ጋር በሕግ ተጋብተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀበሌያቸው ሲደርስም ሴት ልጃቸውን ሠናይትን በጀርባቸው አዝለው ፊደል ቆጥረው የምስክር ወረቀት ተቀብለዋል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው፣ ጌጡና ደምሌ፣ በአንድ ወር ውስጥ ተከታትለው አረፉ። ስለዚያ ወር ወ/ሮ ትሩፋት ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ እዚህም ከዚህ በላይ አይጻፍም።

በ1978 ዓ.ም. መጀመሪያ ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ጋር በሰፈራ ወደ አሶሳ መጥተው አምባ ሰባ ሁለት በተባለው የሰፈራ መንደር ተቀመጡ። ቀርከሃው በትራክተር ተጠርጎ፣ ሥሩ ገና ከመሬት ሳይወጣ፣ ቤት ሥሩ የተባለበት ጊዜ ነበር። አቶ ሙላቱ በ1980 ዓ.ም. በወባ አረፉ። ወ/ሮ ትሩፋት ከሰባት ዓመት ልጃቸው ጋር ብቻቸውን ቀሩ።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የሰፋሪዎቹ ማኅበር መጋዘን ተዘረፈ፤ ሰፋሪውም ተበተነ። ብዙው በእግሩ ወደ አገሩ ሄደ። ወ/ሮ ትሩፋት የሚሄዱበት ስላልነበራቸው ልጃቸውን ይዘው ከአምባው አጠገብ ያለውን ወንዝ ተሻገሩና ፋሾሌ ከሚባለው የበርታ መንደር ገቡ። በር የከፈቱላቸው ወ/ሮ ሳሊማ ሐምዳን ናቸው። ከዚያ በፊት ወንዝ ላይ ውኃ ሲቀዱ ከመተያየት በቀር ትውውቅ አልነበራቸውም። ወ/ሮ ሳሊማ ምንጣፍ ዘርግተው፣ «አንተ እዚህ ተቀመጥ። ዝናብ አለ፣ መጥፎ ሰው አለ። ሁለቱም ያልፋል» አሏቸው። አሥራ አንድ ቀን አስቀመጧቸው፤ ሁከቱ ሲበርድ ወደ አምባ ሰባ ሁለት ተመለሱ። ወ/ሮ ትሩፋት ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ ይስቁ ነበር፦ «ሙላቱ ከሞተ ወዲህ ቤታችን ወንድ አጥቶ ነበር፤ ሳሊማ አንተ ብላ ሞላችልኝ።» በርትኛ ለመናገር ሲሞክሩ ግን የሚስቁት የፋሾሌ ልጆች ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ክልሉ ተቋቋመ። ያን ጊዜ ክልል ስድስት ይባል ነበር። በየገበያው ሰፋሪው ሊባረር ነው የሚል ወሬ፣ በየበርታው መንደር ደግሞ ሰፋሪው የቀረውንም መሬት ሊወስድ ነው የሚል ወሬ ይናፈስ ጀመር። እንደዚህ ባለ ጊዜ ነው የዳገቱ ጠብ የመጣው።

የፋሾሌ ሰው መሬቱ ሲደክም አሳርፎት ሌላ ያርሳል፤ አምስት ስድስት ዓመት ቆይቶ ይመለስበታል። ሰፋሪው ግን ከደጋ የመጣ ነው። ደላንታ ላይ ያልታረሰ መሬት ወይ ገደል ነው፣ ወይ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ስለዚህ ከወንዙ ማዶ ያለውን፣ ቁጥቋጦና ቀርከሃ የለበሰውን ዳገት ሲያይ ባለቤት የሌለው ጠፍ መሰለው። እየመነጠረ ያርስ ጀመር። ወ/ሮ ትሩፋትም በ1985 ዓ.ም. ከዚያው ዳገት ትንሽ አስመንጥረው በቆሎ ዘርተዋል።

በሐምሌ 1987 ዓ.ም. አቶ ዳምጠው የተባሉ የአምባ ሰባ ሁለት ገበሬ ዳገቱ ላይ ሲያርሱ የፋሾሌ ወጣቶች በሬዎቻቸውን ከነቀንበራቸው ፈትተው ነዱባቸው። በማግሥቱ ከዚህም ከዚያም ዱላ ተነሣ፤ ዱላ ብቻም አልነበረም። ወ/ሮ ትሩፋት ወንዙን ተሻግረው ወደ ወ/ሮ ሳሊማ ሄዱና፣ «እነዚህ ወንዶች ሊፋጁ ነው። ያ ዳገት የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ወ/ሮ ሳሊማ ብድግ አሉ። ጫማቸውን አጥልቀው ወደ ዳገቱ ወጡ። እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት ላይ እየቆሙ፣ «ይሄ የዓዲላ። ሦስት ዓመት ተኝቷል። ይሄ የጣሀ አባት። ዘንድሮ ይነሣል» ይሉ ጀመር። ወ/ሮ ትሩፋት ከኋላ እየተከተሉ ስሙን በቃላቸው ያዙ። በመጨረሻ ከራሳቸው በቆሎ ደረሱ። ጉልበት ያህል አድጎ ነበር። ወ/ሮ ሳሊማ ዝም አሉ።

«ይኼስ?» አሏቸው ወ/ሮ ትሩፋት።

«ይሄ የኔ።»

«ሳሊማ! ሦስተኛ ክረምቴ እኮ ነው! ምነው ሳትነግሪኝ?»

ወ/ሮ ሳሊማ የበቆሎውን ቅጠል ዳበስ አድርገው፣ «በቆሎው ጥሩ ነው» ብቻ አሉ።

ወ/ሮ ትሩፋትን ከዚያን ቀን ጀምሮ የወ/ሮ ሳሊማ ዝምታ ያስፈራቸው ነበር። «ሰው ሲቆጣኝ አውቀዋለሁ፤ እሷ ግን ስበድላትም አትነግረኝም» ይሉ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሁለቱ መንደሮች ወንዙ ዳር ካለው ማንጎ ሥር ተሰበሰቡ። ወ/ሮ ትሩፋት ገና ሲነሡ አቶ ዳምጠው፣ «በሬ የተነዳው ከእኔ ነው፤ ሴት ምን ቤት ናት?» አሏቸው። «በሬህን የማትፈልግ ከሆነ ልቀመጥ» ብለው መለሱላቸው። ሰው ሳቀ፤ በሳቁ መካከል ቀጠሉ፦ «ሌባ የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ እኔን ያዙ። ለአሥራ አንድ ቀን ያስጠለለችኝን ሴት መሬት አርሻለሁ። ጠፍ መስሎኝ ነው። ጠፍ አይደለም፤ ተኝቶ ነው። የእኔን ከነበቆሎው ለባለቤቱ መልሻለሁ።» ቀጥለውም የዳገቱን ባለቤቶች አንድ በአንድ በስማቸው ጠሩ። ከፋሾሌ በኩል ስሙ የተጠራ ሁሉ ከተቀመጠበት ብድግ ይል ነበር።

ወ/ሮ ሳሊማ በተራቸው ተነሥተው የተዘራው ሁሉ እስኪሰበሰብ ይቆይ፣ እህሉን አራሹና ባለ መሬቱ ይካፈሉ፣ ከዚያ መሬቱ ተመልሶ ይተኛ አሉ። በዚሁ ተስማሙ። የአቶ ዳምጠው በሬዎች በዚያው ቀን ተመለሱ። አቶ ዳምጠው እስከ ዛሬ ድረስ በሦስት ቀን ወፍረው መጡ ብለው ይቀልዳሉ።

ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ፣ ማረሻ ከመውጣቱ በፊት፣ ሁለቱ መንደሮች አብረው ዳገቱን ይዞራሉ። የተኛው መሬት ባለቤቱ ይጠራል፤ የቀርከሃ ችካል ይተከልበትና ሣር ይቋጠርበታል። ሥርዓቱ እያደር አሥራ አንድ መንደር አዳረሰ። ሁለቱ ሴቶች ጠብ ወዳለበት ሁሉ በእግርም በመኪናም አብረው ይሄዱ ነበር። በ1990 ዓ.ም. አሶሳ ላይ በተደረገ የሰላም ጉባኤ ተጋብዘው ሲናገሩ አንድ ባለሙያ መተዳደሪያ ደንባችሁ የታለ ብሎ ጠየቃቸው። ወ/ሮ ትሩፋት፣ «ልጄ፣ ሚያዝያ ላይ ጫማ አድርገህ ና፤ ዳገቱ ላይ ታነበዋለህ» አሉት። በጥር 1991 ዓ.ም. ባምባሲ አካባቢ ለተደረገው ትልቅ ዕርቅ ግን ወ/ሮ ትሩፋት ብቻቸውን ሄዱ። ዕርቁ ተሳክቷል። ብቻቸውን የሄዱበት ምክንያት በመጨረሻ ይነበባል።

ከዚያ ወዲህ ያሉት አምስት ዓመታት ወ/ሮ ሳሊማን የመጠበቅ ዓመታት ነበሩ። ወ/ሮ ትሩፋትን ከድንበሯ ከተማ ከኩርሙክ የሚመጣ ሾፌር ሁሉ ያውቃቸው ነበር፤ ሻይ ያጠጡትና ስለ ወ/ሮ ሳሊማ ይጠይቁት ነበር። በ1992 እና በ1993 ዓ.ም. ራሳቸው ኩርሙክ ድረስ ሄደዋል። መጀመሪያ ነበረች፣ ሄዳለች ተባሉ፤ በሁለተኛው ስሟንም የሚያውቅ አላገኙም። የወ/ሮ ሳሊማ መሬት የመነሻ ጊዜው ደርሶ አለፈ። ወንድማቸው አቶ ጁምዓ ሐምዳን ሊያርሱት ይችሉ ነበር። ሆኖም ወ/ሮ ትሩፋት በየሚያዝያው ችካሉ ላይ አዲስ ሣር ሲቋጥሩ እያዩ ይተዉት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «እማ ትሩፋት፣ መሬትም ብዙ ከተኛ ይታመማል» አሏቸው። «ትንሽ ቆይልኝ፣ ጁምዓ። እሷ ትቀስቅሰው» አሏቸው። አቶ ጁምዓ ከዚያ ወዲያ አልጠየቁም።

ማታ ማታ ለልጃቸው፣ «ምን አድርጌያት ይሆን?» ይሏት ነበር። ሠናይት ምንም አላደረግሻትም ስትላቸው፣ «በቆሎውን ስዘራም ምንም ያደረግኋት አልመሰለኝም ነበር» ይሉ ነበር።

በነሐሴ 1995 ዓ.ም. በጉበት ሕመም ተይዘው በአሶሳ በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ሕመሙ እየጸና ቢሄድም ከአልጋቸው ሆነው የሁለት ወንድማማቾችን የወሰን ጠብ አስታርቀዋል። ሰኞ ኅዳር 14 ቀን 1996 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ዛሬ ማክሰኞ ኅዳር 15 ቀን ወዳጅ ዘመዶቻቸው፣ የአምባ ሰባ ሁለት፣ የፋሾሌና የሌሎች መንደሮች ነዋሪዎች በተገኙበት ሥርዓተ ቀብራቸው ይፈጸማል። መቃብራቸውን በደቦ የቆፈሩት የፋሾሌ ወጣቶች ናቸው።

ወ/ሮ ትሩፋት የአንዲት ሴት ልጅ እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ልጃቸው ወ/ሮ ሠናይት ሙላቱ፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ በደላንታ ያሉ ታናሽ ወንድማቸው፣ እንዲሁም እህቴ ናት ብላችሁ ጻፉ ባሉት መሠረት ወ/ሮ ሳሊማ ሐምዳን ከሐዘንተኞቹ መካከል ይቆጠራሉ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ወሰን በሌለበት አገር ያስቀምጥልን። በየእምነታችሁ ዱዓና ጸሎት ላደረጋችሁላቸው፣ በሕመማቸው ላልተለያችኋቸው ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው በመጨረሻ እንዲነበብ ወ/ሮ ትሩፋት ራሳቸው አደራ ያሉት ነው። «ለቀብሬ ከሩቅም ሰው ይመጣል። ሲነበብ ሰምቶ የሚያውቃት ቢኖር ይነግራታል። አልተቀየምኩም፣ በድዬሽ ከሆነ ንገሪኝ ብላ ሞተች በሏት» ብለው ነበርና እንዳወሩት ተጽፏል።

ረቡዕ ጥር 19 ቀን 1991 ዓ.ም. ጠዋት ሁለቱ ሴቶች ወደ ባምባሲው ዕርቅ ለመሄድ ዋናው መንገድ ዳር ተቀምጠው መኪና ይጠብቁ ነበር። ወ/ሮ ሳሊማ የሁለቱንም ምሳ በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል። ዕርቁ ላይ ማን ቀድሞ ይናገር በሚለው ሲከራከሩ፣ ሲሳሳቁም ነበር። ከአሶሳ በኩል ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ መጣ፤ ወደ ኩርሙክ የሚሄድ ነበር። ወ/ሮ ሳሊማ ተመለከቱት። ተነሡና የልብሳቸውን አቧራ አራገፉ። ምሳውን ከወ/ሮ ትሩፋት ጭን ላይ አስቀመጡ። መንገዱን ተሻግረው መኪናውን በእጃቸው አስቆሙ። ከሾፌሩ ጋር ሁለት ቃል ያህል ተነጋግረው ከኋላ፣ ከጆንያዎቹ መካከል ወጡ።

ወ/ሮ ትሩፋት የተሳሳቱ መስሏቸው፣ «ሳሊማ! ኧረ ባምባሲ በዚህ ነው!» ብለው ጮኹ።

ወ/ሮ ሳሊማ ዞር ብለው አዩአቸው። እጃቸውን አነሡ። መኪናው ሄደ።