ስፖንጁን ያጠብኩ ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ባልሽ ቁጥር «ዋይ» ያሰኝሻል? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? የትንሿ የፊት ጥርስ በቀለላት? እኛ በጤናችን ደህና ነን። አባባም የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ከተገፈፈ ወዲህ የግድግዳውን ሰዓት ከአልጋቸው ሳይነሱ ያነቡታል። «በጤናችን» ያልኩሽ ግን አውቄ ነው፤ ሌላው ደህና አልነበረም፣ ጥፋቱም የኔ ነው።

ባለፈው በስልክ «አባባ ምነው ድምፃቸው ቀዘቀዘ?» ስትዪኝ «ጠብታው አድክሟቸው ነው» አልኩሽ። ዋሸሁሽ፣ እትዬ። እውነቱን እንዳልነግርሽ ቤቴ አንድ ክፍል ነው፤ አባባ ደግሞ ዓይናቸው ቢደክምም ጆሯቸው የሚያመልጠው ነገር የለም። አሁን ከምሳ በኋላ ሸለብ ስላደረጋቸው ቶሎ ብዬ ልጽፍልሽ ተቀምጫለሁ።

ሁለቱም ዓይናቸው ይታከም ብለሽ አባባን አምነሽ ስትልኪልኝ «እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምይዛቸው» ብዬሽ ነበር። ግን የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ሥራ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ጠዋት ወጥቼ ሲመሽ ነው የምገባው። አንቺ ዘንድ ደጅ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲያጫውቱ የሚውሉ ሰው፣ እኔ ዘንድ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከግድግዳ ጋር ተፋጠው ቀሩ። ስመለስ ጨዋታ ይጀምሩልኛል፣ እኔ ደግሞ «እሺ አባባ፣ እሺ አባባ» እያልኩ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። አንድ ቀን ከአውቶቡስ መጠበቂያው ጎን ካለው የጌጥ ዓሣ መሸጫ ገብቼ አንድ ትንሽ አኳሪየም ገዛሁላቸው፤ ያው ተክልና ዓሣ የሚኖርበት የመስታወት ሳጥን ነው። ስጦታ አይደለም፣ አልዋሽሽም። እኔ ልቀመጥ የሚገባኝ ቦታ ላይ እሱ ይቀመጥልኝ ብዬ ነው።

ውሃ ሞልቼ ዓሣ ጨምሬ የምገላገል መስሎኝ ነበር፣ ለካ ጉድ አለው! መጀመሪያ ጠጠሩን ማጠብ፤ እሱን እንኳ ለኔ ተይው፣ የታጠበበት ውሃ እስኪጠራ ድረስ ፈተግሁት። ከዚያ ተክሎቹን በወረንጦ እየያዝኩ ሥራቸውን ጠጠር ውስጥ መቅበር ያዝኩ። አንዱን ስተክል ሌላው ተነቅሎ ይንሳፈፋል። አባባ «አንቺ ሳሙና፣ ተክል እኮ እንደ አንሶላ አይጠመዘዝም!» እያሉ ሳቁብኝ። መቼም ልጅ ሳለሁ የዶሮዋን እግር በሳሙና ሳጥብ ከተያዝኩበት ቀን ወዲህ ለሳቸው ሌላ ስም የለኝም።

ባለሱቁ «ዓሣ ለማስገባት አትቸኩይ፣ ውሃው ይብሰል፤ መጀመሪያ ደፍርሶ መጥራት አለበት» ብሎኝ ነበር። ውሃውን የሚያጣራው ፓምፕ ውስጥ ስፖንጅ አለ፤ እዚያ ስፖንጅ ላይ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ቀስ በቀስ ቤት ይሠራሉ፣ የዓሣውንም ቆሻሻ እነሱ ናቸው የሚበሉት አለኝ። «ስፖንጁ ቢጠቁር እንዳትደነግጪ። ሲደፈን ብቻ ከዚያው ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ጨመቅ አድርገሽ መልሺው» አለኝ። እሺ አልኩ። ጆሮዬ ሰማ እንጂ ልቤ አልተቀበለም፤ ጥቁር ነገር ንጹሕ ነው ብሎ የሚያሳምነኝ ሰው ገና አልተወለደም።

እንዳለውም ውሃው ሩዝ የታጠበበት መሰለ፣ ቅጠሎቹም ቢጫ ሆኑ። ልደፋው ስነሳ አባባ «ተይው፣ ይጥራ፤ ምን ያጣድፍሻል?» ብለው ከለከሉኝ። እውነትም ጠራ። በዚያው ሰሞን ቀኝ ዓይናቸው ታከመ፤ ፋሻው ሲነሣ ወንበራቸውን አስጠግተው አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ ለጠፉና «ቅጠሉ ላይ ጥቃቅን አረፋ ተደርድሯል፣ አታዪም?» አሉኝ። እኔ ባለ ሁለት ዓይኗ አላየሁትም ነበር። አንጀቴን በሉት፤ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።

ጊዜው ሲደርስ ጅራታቸው ቀይ የሆነ ጥቂት ትንንሽ ዓሣዎች አስገባን። ጠጠር ለጠጠር እየዞረ የሚመረምረውን አንዱን አባባ «ተቆጣጣሪው» አሉት። ከዚያ በኋላማ ቤት ስገባ ወሬ ይጠብቀኛል፤ ተቆጣጣሪው ዛሬ ማንን አባረረ፣ የትኛው ቅጠል ሥር አኮረፈ። እትዬ፣ እንቅልፌ ጠፍቶ ቁጭ ብዬ መስማት ጀመርኩ። ቤቱ ቤት ሆኖልኝ ነበር።

ታዲያ ለጉድ የጎለተኝ እኔ፣ በዕረፍቴ ቀን ቤት ሳጸዳ ፓምፑን ከፈትኩት። ስፖንጁ ጭቃ መስሏል። እኛ መሥሪያ ቤት ለጠቆረ ነገር መድኃኒቱ አንድ ነው። በረኪና ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ አሸሁት፣ በቧንቧ ውሃ ለቅለቅ አድርጌ አዲስ አስመስዬ መለስኩት። ደስ ብሎኝ እያንጎራጎርኩ ነበር፣ እጄን በቆረጠው!

በማግስቱ ከሥራ ስገባ ዓሣዎቹ ሁሉ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል። አባባ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ የዓሣው ምግብ ቆርቆሮ ክዳኑ ተከፍቶ ጉልበታቸው ላይ ነው። ሳልጠይቅ፣ ሳላጣራ ጮህኩባቸው። «ምን ያህል ነው የደፉባቸው? በቁንጥር ብቻ አላልኩም? በቅጡ ካላዩ ለምን ይነካሉ?» አልኳቸው። እትዬ፣ ለአባባ! እሳቸው ቆርቆሮውን ቀስ ብለው ከደኑና «እውነትሽን ነው» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሳሙና» የሚለው ስሜ ጠፋ። መስኮት ለመክፈት ያስፈቅዱኛል፤ ብርጭቆ እንኳ ሲያነሱ እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው በሁለት እጃቸው ነው። የግራ ዓይናቸው ቀጠሮ ሲቃረብ «ለኔ አንዱ ይበቃኛል፣ ወደ እህትሽ ላኪኝ» አሉ፤ ሻንጣቸውንም አስረው በሩ ሥር አኖሩት። ድምፃቸው ቀዝቅዞ የሰማሽው ያኔ ነው።

እኔ ግን አሁንም እንደተበደለ ሰው አኩርፌ፣ ከውሃው በጠርሙስ ቀድቼ ወደ ባለሱቁ ሄድኩ። «አባቴ ምግብ አብዝተውባቸው ነው» አልኩት። እሱም «ስፖንጁን ነክተሽዋል እንዴ?» አለኝ። «እንዴታ! በበረኪና ነጭ አድርጌ ነዋ» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያን ዕለት ብነግራቸው ምን ነበረበት? አልነገርኳቸውም። ለስላሳ ነጠላ ጫማ ገዛሁላቸው፣ ትራሳቸውን ቀየርኩ፣ ሾርባ ሠራሁ። በመረቁኝ ቁጥር ተነሥቼ የታጠበ ዕቃ እንደገና አጥባለሁ። ትላንት የዓይን ጠብታቸውን ስጨምርላቸው ስቼ ጉንጫቸው ላይ ባፈሰው «ምን ሆንሽ?» አሉኝ። ያኔ እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ሁሉንም አፈረጥኩት።

አባባ «አውቃለሁ» አሉኝ። «ስፖንጁን ያጠብሽ ቀን ቤቱ ሁሉ በረኪና በረኪና ይሸት ነበር። በማግስቱ ላበላቸው ክዳኑን ስከፍት ለምግቡ የመጣ የለም፤ ሁሉም ተገልብጠዋል። ውሃውን በጣቴ ነክቼ አሸተትኩት» አሉ። ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ ብላቸው «በኔ ከተናደድሽ ጮኸሽ ይወጣልሻል። የገዛ እጅሽ መሆኑን ካወቅሽ ግን፣ አውቅሻለሁ፣ ዕድሜ ልክሽን ስታሽው ትኖሪያለሽ» አሉኝ። ሻንጣውንስ ለምን አሰሩ ስላቸው «በቅጡ ካላዩ ለምን ይነካሉ ያልሽው ግን ከልብሽ መሰለኝ» አሉ።

ተነሥቼ እጅጌያቸውን ሰበሰብኩላቸውና እጃቸውን ይዤ ውሃው ውስጥ ከተትኩት። «ይንኩት፣ አባባ» አልኳቸው። አንድ ተክል ተነቅሎ ይንሳፈፍ ነበር። ፊታቸውን ወደ እኔ እንዳዞሩ በጣታቸው ብቻ ጠጠሩን ገለጥ አድርገው ሥሩን ቀበሩት። እስካሁን አልተነቀለም።

ዛሬ ጠዋት ሻንጣው ተፈትቶ አልጋው ሥር ገብቷል። «ዓሣዎቹ ሲመለሱ በሁለት ዓይን ነው የምቀበላቸው» ብለዋል፤ ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ውሃው እንደገና ከመጀመሪያው እየበሰለ ነው። ስፖንጁ መጥቆር ጀምሯል፣ እኔም እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ፤ ምን ያህል እንደሚጨንቀኝ አንቺ ታውቂያለሽ።

ለባለቤትሽ አክብሮቴን ንገሪልኝ። ትልቁን ልጅሽን ግንባሩን፣ መካከለኛዋን ጉንጯን፣ ትንሿን ያንን ባዶ ድድዋን ሳሚልኝ። አባባ ሲናፍቋቸው ለነበሩት ለጎረቤትሽ ሽማግሌም «ጓደኛዎ በርትተዋል» በያቸው።

ይኸው አባባ ነቁ። «ሳሙና፣ ለማን ነው የምትጽፊው?» አሉኝ። ለእትዬ ስላቸው «እንግዲያው ዓሣዎቹን እኔ ነኝ የፈጀኋቸው በያት፤ አንቺን እንዳትቆጣሽ» አሉ። አልታዘዝኳቸውም። ተቆጪኝ፣ እትዬ።

ታናሽ እህትሽ፣ ሳሙና
ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከአባባ ወንበር አጠገብ
የካቲት 14 ቀን